በራሴ ማሽን ሞክሬዋለሁ

ረቡዕ ኅዳር ዐሥር፣ ጤዛው ገና ሳይረግፍ፣ ዓሣ አጥማጁ ኑርዬ ታንኳውን ሊፈታ ወደ ሐይቁ ወርዶ አንድ ሰው ፊቱን ውሃ ውስጥ ደፍቶ አገኘ። ጮኸና ሰው ጠራ። ሰው ፖሊስ ጠራ። ፖሊስ መጥቶ ኑርዬን አሰረው።

ያሰረው ሳጅን አሕመዲን ነው። ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው ይህ ሰው በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ አንድም ቀን ያልጣሰው አንድ ደንብ አለው፤ ደንቡም «ሬሳ ያገኘ መጀመሪያ ይታሰር፣ ጥያቄው ይደርሳል» የሚል የራሱ ደንብ ነው። ሁለት ጊዜ ሠርቶለታል። ስንት ጊዜ እንዳልሠራለት አልመዘገበም።

ኢንስፔክተር አሪፋ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስትደርስ ሬሳው ሣሩ ላይ ወጥቶ ጋቢ ለብሷል። አሪፋ የአርባ ስድስት ዓመት የአምባሰል ሴት ናት። ስትናገር ረጋ፣ ስትሄድም ረጋ ስለምትል፣ ስታስብም እንደዚያው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ካሰቡት መካከል አንዳንዶቹ አሁን እስር ቤት ናቸው።

ጋቢውን ገልጣ አየች። ሟቹ ኡበይድ ይባላል፤ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውሃው በሚወርደው መንገድ ላይ ቤት ተከራይቶ ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ኮምፒውተር ላይ ይውላል። ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ተፈንክቷል። ሐኪሙ ለጊዜው ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰውየው የሞተው ማክሰኞ ከቀኑ አሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ባለው ጊዜ ነው።

«ኑርዬን ለምን?» አለች አሪፋ።

«ታንኳውን ሳይጠይቅ እየወሰደበት ተጣልተዋል። ሰኞ ዕለት 'ታንኳዬን ዳግመኛ ብትነካት ሐይቁ ይብላህ' ብሎታል። አምስት ሰው ሰምቷል።»

«ሐይቁ ይብላህ ነው ያለው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ሐይቁን እሰረዋ፣ አያ አሕመዲን።»

ሳጅኑ ሐይቁን አየት አደረገው። ሰፊ ነው።

ኑርዬን ጣቢያ ሄዳ አነጋገረችው። የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ነው፤ ወለሉ ላይ ተቀምጦ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል።

«ወላሂ አልነካሁትም፣ እቴ። ስለ እኔ ግን አይደለም። አርብ የልጄ የሀኒያ ኒካሕ ነው። ወሊዋ እኔ ነኝ። አባቴ የለ፣ ወንድም የለኝ፤ ከእኔ ሌላ የሚድራት የለም። የልጁ ወገኖች ደግሞ ወሬው ገና ሳይደርቅ ልከውብኛል። 'በሰው ነፍስ ከታሰረ ሰው ቤት ሙሽራ አናወጣም' አሉ። ሦስት ዓመት ነው የጠበቀችው።»

«መዝገብህ ነገ ከሰዓት በኋላ ደሴ ይሄዳል።»

«ደሴ ከሄደ ቀረ ማለት ነው።»

«ቀረ ማለት ነው» አለች አሪፋ። የማታውቀውን ነገር ለሰው ቃል መግባት አትወድም።

ከዚያ ሳጅኑን አስከትላ ወደ ኡበይድ ቤት ሄደች። አንድ ክፍል፣ አራት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት። የሟቹ ላፕቶፕ ተዘግቶ ተቀምጧል። ስልኩም ባትሪ እየሞላ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ማክሰኞ ለመጨረሻ ጊዜ የተደወለለት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ እናቱ ወይዘሮ ዑምኩልሱም ናቸው። ከዚያ ወዲያ የገባም የወጣም ጥሪ የለም፤ መልእክትም የለም። ትይዩ ያለችው ባለ ሱቅ፣ ስህን፣ ኡበይድ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ በሩን ቆልፎ ብቻውን ወደ ሐይቁ ሲወርድ አይታዋለች። «ሁልጊዜ ይሰላመኝ ነበር፤ ትናንት ግን አልፎኝ ሄደ» ብላለች።

ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል የታተመ ወረቀት ተለጥፏል። ርእሱ «ለፖስተኛ ሥራ ለሚያዋጡ ሁሉ የወጣ መመሪያ» ይላል። ዐሥራ ሁለት አንቀጽ አለው። ከሥሩ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው እርስ በርስ ላለመተያየት ይጠነቀቃሉ።

አሪፋ መጀመሪያ ያስቀረቻቸው ትልቁን ነው። ጋሽ ሙላት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የፕሮግራሙን አማርኛ የሚያርሙት እሳቸው ናቸው።

«ፖስተኛ ምንድን ነው፣ ጋሽ ሙላት?»

«የኢሜይል ፕሮግራም ነው፣ እታለም። ደብዳቤ ትጽፊበታለሽ፣ ይልክልሻል፣ ይቀበልልሻል። ኔትወርክ ከጠፋ ይዞልሽ ይጠብቃል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የወደደ ያነበዋል፣ የወደደ አሻሽሎ ይልካል። ከሐዋሳ የሚልክ አለ፣ ከካርቱም የሚልክ አለ። ግን የተላከው ሁሉ አይገባም። እኛ አራታችን ገምግመን ነው የምናስገባው።»

«ከአራታችሁ የሚያዘው ማን ነው?»

«መመሪያው።»

«መመሪያውን የጻፈውስ?»

«ኡበይድ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ነፍሱን ይማረው።»

አሪፋ የተደበቀ ነገር የምትፈልግ ይመስል ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«እኔ ኮምፒውተር አላውቅም» አለች። «ደንብ ግን አውቃለሁ። ደንብ የሚጻፈው አንድ ሰው አንድ ነገር ካደረገ በኋላ ነው። እኛ ጣቢያ 'በግቢው ውስጥ ፍየል ማሰር ክልክል ነው' የሚል ማስታወቂያ አለ። ፍየል ያሰረ ሰው አለ ማለት ነው።»

ሳጅን አሕመዲን ወደ መስኮቱ ዞረ።

«እስቲ አንቀጽ በአንቀጽ ንገሩኝ። ሦስተኛው ለማን ተጻፈ?»

«'አንድ ለውጥ ለአንድ ጉዳይ'፤ እሱ የመቅዲ ነው። አንድ ቀን ፊደል አስተካክላለሁ ብላ ተቀምጣ የፕሮግራሙን ግማሽ አፍርሳ ሠራችው። ጥሩ አድርጋ ነበር የሠራችው። ማን አንብቦ ይጨርሰው?»

«አምስተኛው?»

«'ያደረግኸውን ኮዱን ያልከፈተ ሰው እንኳ እንዲረዳው በግልጽ ጻፍ።' የሰዓድ ነው። ድሮ 'ተስተካክሏል' ብሎ ያልፍ ነበር። ዛሬ ከሁላችንም በላይ የሚጽፍ እሱ ነው፤ ከዚህ ወረቀት አንዲት ነጥብ አይስትም።»

«ሰባተኛው? 'ስለ ሥራው ተናገር እንጂ ስለ ሠሪው እናት አትናገር።'»

ጋሽ ሙላት ጫማቸውን አዩ። «የእኔ ነው። አንዴ ነው፤ ተናድጄ ነበር።»

«ስምንት፤ 'የራሱን ሥራ ራሱ የሚያጸድቅ የለም።'»

«ለራሱ ነው የጻፈው። ለራሱም ይጽፍ ነበር።»

ዘጠነኛው አንቀጽ ከሌሎቹ ነጣ ባለ አዲስ ወረቀት ታትሞ ከላይ ተለጥፏል። አሪፋ ጮክ ብላ አነበበችው። «ገምጋሚ የቀረበለትን ለውጥ በራሱ ማሽን ገንብቶ ሳይሞክር አያጸድቅም። ከሞከረ በኋላ 'በራሴ ማሽን ሞክሬዋለሁ' ብሎ ይጽፋል። ሳይሞክር ይህን የጻፈ ስሙ ከገምጋሚዎች ይሰረዛል፤ ምክንያቱም ለሁሉ በሚታይ ቦታ ይጻፋል።»

«የሦስት ሳምንት አንቀጽ ነው» አሉ ጋሽ ሙላት። «ለማን ነው ብዬ ጠይቄው ነበር። 'ለሁላችን' አለኝ።»

«ለሁላችን ተብሎ የሚጻፍ አንቀጽ የለም፣ ጋሽ ሙላት። መገንባት ማለት ምንድን ነው?»

ላፕቶፓቸውን ከፈቱላት። ኮዱ ወደሚሠራ ፕሮግራም እስኪለወጥ አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ ማሽኑም በዚያን ጊዜ እንደሚግልና እንደሚጮህ አስረዷት። ፖስተኛን ሲከፍቱት ከታች ጥጉ ላይ «ኅዳር 9» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ።

«ይኼስ?»

«በዚህ ማሽን ላይ መጨረሻ የተገነባበት ቀን ነው። ማክሰኞ ማታ የሰዓድን አንዲት ለውጥ ገምግሜ ነበር፤ ለዚያ ነው የገነባሁት። ከዚያ በፊት ቀኑን ሙሉ ከባለቤቴ ከተሻለች ጋር ቤት ነበርኩ።»

ቀጥላ የገባችው መቅዲ ናት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ከመቀመጧ በፊት መናገር ጀመረች።

«እኔ እንዳልሆንሁ አስቀድሜ ልንገርዎት።»

«ሰኞ 'አንድ ቀን ሰው ያሰምጥሃል' ብለሽዋል።»

«ብያለሁ! አንድ ሥራ ሰባት ጊዜ መለሰብኝ። ሰባት ጊዜ! በሰባተኛው ነጥብ ጎደለ ብሎ ነው። እርስዎ ቢሆኑ አይሉም?»

«እኔ ሽጉጥ ስላለኝ እንደዚያ አልልም። ማክሰኞ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«ስህን ይህን በር ስትደበድቢ አይታሻለች።»

መቅዲ ቀላች። ሳጅን አሕመዲን ማስታወሻውን አወጣ፤ የካቴና መያዣውንም ነካ አደረገ።

«ይቅርታ ልጠይቀው ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በሩ ተቆልፏል፤ ተመለስሁ። ደበደብሽ ይበሉኝ፤ ይቅርታ ልትጠይቅ መጣች ሲባል ግን ጋሽ ሙላት ይሰማሉ።»

«ይህን ያህል ያሳፍራል?»

«እሳቸውን አያውቋቸውም። እድሜ ልኬን ነው የሚያስታውሱኝ።»

ሦስተኛው ሰዓድ ነው። ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩም እንደ ሸሚዙ ነው። አሪፋ ወንበር ሳትጋብዘው ለእሷ ወንበር ሳበላት።

«ማክሰኞ ውጫሌ እህቴ ቤት ነበርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ኡበይድ አንድ ለውጥ ላከልኝ። ለመገንባት አርባ ደቂቃ፣ ለመሞከር አሥራ አምስት ደቂቃ። አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ አጸደቅሁ። ማሽኑን ትቼ የትም መንቀሳቀስ አልችልም ነበር፤ መዝገቡን ማየት ይችላሉ።»

መዝገቡ የለውጦቹ ሁሉ ዝርዝር ነው፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስገባ ይይዛል። አሪፋ አየችው። ዘጠኝ ከአሥር፣ አሥር ከአምስት። ልክክ ይላል። በአገልግሎት ዘመኗ ሰዓቱ እንዲህ ልክክ የሚልለት ሰው ያየችው ከባቡር ጣቢያ ሠራተኛ በቀር የለም፤ ያውም አንድ ብቻ።

«ኡበይድን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«ማክሰኞ ተደዋውላችኋል?»

«ኧረ የለም። እኛ የምንነጋገረው በመዝገቡ ነው።»

«እስቲ ይህን ፖስተኛ የምትሉትን አሳየኝ።»

ሰዓድ ላፕቶፑን በደስታ ከፈተ። ሰማያዊ ገጽ፣ የገቡ ደብዳቤዎች፣ «ላክ» የሚል አዝራርና አዝራሩ ላይ ትንሽ ነጭ ፖስታ፣ ከታች ጥጉ ላይ «ጥቅምት 19»። ሳጅን አሕመዲን «ያምራል» አለ። አሪፋም ያምራል አለች።

«በታኅሣሥ ልሄድ ነው» አለ ሰዓድ። «አንድ የውጭ ድርጅት ቀጥሮኛል። እዚህ በስሜ የጸደቁ አርባ አንድ ግምገማዎች አሉ፤ ያንን አይተው ነው የፈለጉኝ። ኡበይድ ገምጋሚ ባያደርገኝ ይህ ሁሉ የለም። አላህ ይርሐመው።» ዓይኑን በመሐረብ ነካ አደረገ። መሐረቡም የተተኮሰ ነው።

አሪፋ ውጫሌ ላለችው እህቱ ለፈዲላ ደወለች።

«ውስጠኛው ክፍል ነበር» አለች ፈዲላ። «ከሰባት ሰዓት ጀምሮ። እንዳይረበሽ ብሎ ዘግቶ ነው የሚሠራ።»

«አየሽው?»

«በሩን አየሁት።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አሪፋ መቅዲን የማክሰኞውን መዝገብ በወረቀት አትማ እንድትሰጣት ጠየቀቻት። አራት መስመር ነው።

9:10፣ ኡበይድ። የአዝራሮች ሥዕል ጥቅል ታድሷል።
10:05፣ ሰዓድ። በራሴ ማሽን ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ጸድቋል።
12:10፣ ሰዓድ። በላክ አዝራር ላይ የገባውን የአህያ ሥዕል አንስቼ የቀድሞውን ፖስታ መልሻለሁ።
12:55፣ ሙላት። በራሴ ማሽን ሞክሬዋለሁ፤ ይሠራል። ጸድቋል።

አሪፋ ሦስተኛውን መስመር ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የምን አህያ ነው?»

«እኔም አላውቅም» አለች መቅዲ። «ኡበይድ ቀልድ አያውቅ። ጋሽ ሙላት ተሳስቶ ይሆናል ብለው አለፉት።»

«የዘጠኝ ሰዓት ከአሥሩን እንደ ነበረ ማየት ይቻላል?»

«መገንባት አለብኝ።»

«ገንቢዋ።»

ማሽኑ ጋለ፣ ጮኸ። ሳጅን አሕመዲን ወንበር ላይ አንቀላፋ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መቅዲ ፖስተኛን ከፈተችው፤ ከፍታውም ሳቀች። ፖስታው በነበረበት ቦታ ጆሮው ከአዝራሩ የሚተርፍ አህያ ቁጭ ብሏል። ዓይኑን ጨፍኗል። መቅዲ ስትስቅ ቆይታ ሳቁ መሐል ላይ እንባ ሆነባት።

«ይህን ኮዱን አንብቦ ማወቅ ይቻላል? ሳይገነቡ?»

«አይቻልም። ሥዕሎቹ በአንድ ጥቅል ታሽገው ነው የሚመጡት። ስታነቢው 'ጥቅል ታድሷል' ይልሻል፣ በቃ። ሲገነባ ነው የሚፈታ።»

«የቀድሞውን ለመመለስስ? መገንባት ያስፈልጋል?»

«ለመመለስማ ምን አለበት፤ አሮጌውን ጥቅል መተካት ነው። በስልክም ይሆናል።»

«ማጽደቅስ?»

«እሱም በስልክ ይሆናል። አንድ መጫን ነው።»

አሪፋ ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። «ለማንም አትንገሪ። ለጋሽ ሙላትም።»

«ለእሳቸው በተለይ» አለች መቅዲ።

ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሁሉም በዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ሙላት፣ መቅዲና ሰዓድ በየጠረጴዛቸው ተቀመጡ። ሳጅን አሕመዲን ኑርዬን በካቴና ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። ደሴ የሚሄደው መዝገብ ብብቱ ሥር ነው። ኑርዬ ሰማያዊውን ገጽ አየና ፊቱን አዞረ፤ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣበት ይህ ዕቃ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

«በማላውቀው ልጀምር» አለች አሪፋ ከመመሪያው ሥር ቆማ። «ኡበይድ አንቀጽ ዘጠኝን ለማን ጻፈው? ሳይሞክር 'ሞክሬዋለሁ' የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንዳለ ጠርጥሯል። ስሙን አልጠራም፤ ማስረጃ አልነበረውማ። ሦስት ሳምንት ጠበቀ። ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ ወጥመድ አጠመደ። በላክ አዝራር ላይ አህያ አስቀምጦ ለገምጋሚው ላከ።»

«አህያ?» አሉ ጋሽ ሙላት።

«አህያ። ሞክሮት የሚያይ ሰው 'ይህ ምንድን ነው' ብሎ ይመልሰዋል። ያልሞከረው ያጸድቀዋል። አሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ጸደቀ።»

ሁሉም ሰዓድን አዩት። ሰዓድ በትሕትና ፈገግ አለ።

«ስሕተት ነው፣ ኢንስፔክተር፤ አልክድም። ስሞክር ደብዳቤ መላኩን እንጂ ሥዕሉን ልብ አላልኩም። በኋላ ደግሜ ስከፍተው አየሁትና አስተካከልኩት። መዝገቡ ላይ በግልጽ ጽፌዋለሁ።»

«ጽፈሃል። አንቀጽ አምስት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን 'ሥዕል ተስተካክሏል' ብሎ ያልፍ ነበር፤ እኔም አልፈው ነበር። አንተ ግን ኮዱን ያልከፈተ ሰው እንኳ እንዲረዳው አድርገህ ጻፍህ። እኔ ኮዱን አልከፈትሁም፤ ተረዳሁት።» ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። «ላፕቶፕህን ክፈተው።»

ሰዓድ ከፈተው።

«ጥጉ ላይ ያለውን ቀን አንብብልኝ።»

አላነበበም። መቅዲ ተነሥታ ከትከሻው በላይ አነበበች። «ጥቅምት አሥራ ዘጠኝ።»

«አንቀጽ ዘጠኝ የተለጠፈ ሰሞን አንድ ጊዜ ገንብተሃል» አለች አሪፋ። «ከዚያ ወዲህ ይህ ማሽን አልጋለም። ማክሰኞ አልገነባህም፤ አንድ ጊዜም፣ ደግመህም። እንግዲህ አህያውን እንዴት አወቅኸው?»

«ኮዱ ላይ…»

«ጥቅል ነው፣ ሰዓድ» አለች መቅዲ ዝግ ባለ ድምፅ።

«ሰው ነግሮኝ ይሆናል።»

«ማን?» አለች አሪፋ። «ጋሽ ሙላት?»

«እኔ አህያ የሚል ቃል ያየሁት እሱ ራሱ በጻፈው ላይ ነው» አሉ ጋሽ ሙላት። «ስገነባው ፖስታው ተመልሶ ነበር።»

«እኔ ትናንት ነው ያየሁት» አለች መቅዲ።

«አህያውን በዓለም ላይ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ ያስቀመጠው። ሌላ ሰው ከገነባው ያውቃል፤ አንተ አልገነባህም። ከኡበይድ አፍ ከሰማም ያውቃል። ከአሥር ሰዓት ከአምስት በፊት ብትሰማ ኖሮ አታጸድቀውም ነበር፤ የሰማኸው ከዚያ በኋላ ነው። በስልክ እንዳልሆነ አንተም ነግረኸኛል፣ ስልኩም ነግሮኛል። በመዝገቡም አልጻፈልህም። ስለዚህ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የነገረህ። ኡበይድ ደግሞ አሥር ሰዓት ከሃያ ላይ ከዚህ ቤት ወጥቶ ወደ ሐይቁ ወረደ፣ እስከ አሥራ አንድ ተኩልም ሞተ። ውጫሌ አልደረሰም።»

ሰዓድ መሐረቡን አውጥቶ ሳይጠቀምበት መልሶ አስቀመጠው።

«ልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ ነበርኩ» አለ በመጨረሻ። «ወደ ሐይቁ መውረጃው ላይ። ለመንገዱ ሱፍ እያስለካሁ። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ያህል አቆይቼ ነው የማጸድቀው፣ የሞከርሁ እንዲመስል። በአንድ እጄ ተጫንሁት፤ ሌላውን ሰፊው ይዞት ነበር። ኡበይድ ሲያልፍ አየኝ። አልጮኸም። 'ና' አለኝ ብቻ። ውሃው ዳር ስንደርስ አህያውን ነገረኝ። ስሜን ዛሬ ማታ እሰርዛለሁ፣ ምክንያቱንም እጽፋለሁ አለ።»

«አንተስ?»

«አንድ ወር አልሁት። ልሂድና ሰርዘኝ፣ አንድ ወር ብቻ። 'አንቀጹ ላይ አንድ ወር የሚል የለም' አለኝ። እንደዚያ ነው ያለኝ። ገፋሁት። ድንጋዩ ላይ ወደቀ። ሞተ። ሲሞት ጊዜ ደነገጥሁና ታንኳው አጠገብ ወደ ውሃው…»

አሪፋ ጠዋት ከሐኪሙ የደረሳትን ወረቀት ዘረጋች።

«ሳንባው ውሃ ነበረው ይላል። የማይተነፍስ ሰው ውሃ አይስብም። ውሃው ውስጥ ስትከተው ኡበይድ በሕይወት ነበር።»

«ሞቷል ብዬ ነው» አለ ሰዓድ። «ወላሂ ሞቷል ብዬ ነው።»

«ትንፋሹን አየህ?»

ሰዓድ የላፕቶፑን ክዳን ዘጋው።

«እጁን ያዝህ? ደረቱን ነካህ?»

መቅዲ ፊቷን በሻርቧ ሸፈነች። ጋሽ ሙላት ቆመው ነበር፤ ለምን እንደ ተነሡ ግን የረሱ ይመስል ተመልሰው ተቀመጡ።

ካቴናው አንድ ብቻ ስለ ነበር ሳጅን አሕመዲን ከኑርዬ እጅ ፈትቶ ለሰዓድ አሰረው። ይህን ሲያደርግ የማንንም ፊት አላየም። ሰዓድን ለሌሎቹ ፖሊሶች አስረክቦ ሲመለስ ኑርዬ አንጓውን እያሻሸ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ሳጅኑ ብብቱ ሥር የነበረውን መዝገብ በየትኛው እጁ እንደሚይዝ ጠፋው።

«ኑርዬ… እንግዲህ ሥራ ነው» አለ።

«ሥራ ነው። ኒካሑ ነገ ከጁምዓ በኋላ ነው፣ ሳጅን።»

«አላህ ያሳካላችሁ።»

«ሁለት ምስክር ይፈለጋል። አንዱን ይዣለሁ። ሁለተኛው አንተ ትሆናለህ።»

ሳጅን አሕመዲን የተሳሳተ ሰው እንደ ጠሩ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። «እኔ እኮ ነኝ ያሰርኩህ።»

«ለዚያ ነው። የልጁ ወገኖች ያሰረኝ ሰው ራሱ ከጎኔ ተቀምጦ ሲያዩ ምን ይላሉ? አፍ የላቸውም።» ኑርዬ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ደግሞም ሁለት ቀን ሙሉ ያላየኸውን ስትመሰክርብኝ ሰነበትህ። ነገ ያየኸውን ትመሰክርልኛለህ።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ተመለከተ። አሪፋ መስኮቱ ጋ ቆማ ሐይቁን እያየች ነበር፤ የሰማች አትመስልም፤ ትከሻዋ ግን ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

«በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ።

«ቀድመህ ና» አለ ኑርዬ ወደ መንገዱ እየወጣ። «ከፊት ነው የማስቀምጥህ። በር ላይ ቆሜ ሰማሁ እንዳትል።»